ከቅጽሩ የወጣችው ድንጋይ

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላው ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲባል በአንድ ቃል መልሶ ይገላገላል፤ እኔ ግን «አርኪዮሎጂስት» ካልኩ በኋላ ሁልጊዜ ማብራራት አለብኝ። ወርቅ አልፈልግም፤ የነገሥታት መቃብርም አልቆፍርም። የምፈልገው ወርቅም ንጉሥም ሳይታሰቡ፣ ሰው ገና ብረት ሳያውቅ፣ ሥጋ ሊቆርጥበት ወይም ሥር ሊምስበት ጠርቦ የጣለውን ድንጋይ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ሰዎቹ ራሳቸው ጥለውት የለ፤ ላንተ ምን ያደርግልሃል?» ትለኝ ነበር።

ስለ ሥራዬ ብዙ ጊዜ ተጠይቄ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ስለ ቅናቴ ግን ለንስሐ አባቴም ቢሆን ግማሹን ነው የነገርኩት። ሁለቱ የተጀመሩት በአንድ ሰሞን፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ስለሆነ አንዱን ትቼ ሌላውን ማውራት አልችልም።

አንድ ሽማግሌ የውጭ አገር ፕሮፌሰር የጥንት ድንጋይ ሊፈልግ ወደ ምዕራብ ጎጃም ሲመጣ፣ አስተርጓሚም መንገድ መሪም ሆኜ የተቀጠርኩት እኔ ነበርኩ። የቡሬ ገጠር ልጅ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፤ እንግሊዝኛዬም ደህና ነበር። ሥራው ሲያዩት ያስቃል። እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገትን ደፍቶ፣ የታረሰ ማሳ ላይ ቀስ እያሉ መሄድ ነው። ገበሬዎቹ «ምን ጠፋባችሁ? እናፋልጋችሁ» ይሉናል። ሜትር የዘረጋን ቀንማ ቀላድ ሊጥሉብን መጡ ብለው ዱላቸውን ይዘው ይከቡናል። ያን ጊዜ ወጥቼ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አያቴ የት እንደተቀበረ ተናግሬ የማበርደው እኔ ነኝ። ፕሮፌሰሩ ያለ እኔ አንዲት ቀን አይውልም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ሲያልቅ ፍኖተ ሰላም ላይ ዕቃ እየጫንን ሳለ፣ «በሚመጣው ዓመት ከረዳቶቼ አንዱን ወደ ዩኒቨርሲቲዬ ወስጄ አስተምራለሁ» አለኝ። ረዳቱ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ያን ክረምት ሙሉ በሐሳቤ አውሮፕላን ስሳፈር ከረምኩ።

በሁለተኛው ዓመት ሁለት ሆንን።

የመጣው ሰው ከእንጅባራ በኩል የሆነ የአዊ ልጅ ነበር። በሁለት ዓመት ያንሰኛል። ቅኔ ቤት ቆይቶ ዘግይቶ ነው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ባየሁት ጊዜ «ይህስ አያሰጋኝም» ብዬ ተንፍሻለሁ። በገባ በአራተኛው ቀን ላህ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ አንዲት ድንጋይ አነሳ። መዳፍ የምታህል፣ በሁለቱም ፊት የተጠረበች፣ ጫፏ ሾል ያለ፤ እኛ የእጅ መጥረቢያ የምንላት። በዚያ መንገድ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ተመላልሼበታለሁ። ጫማዬን ለማጠብ የተቀመጥኩባት ቋጥኝ ከእሷ አንድ ክንድ አትርቅም። ፕሮፌሰሩ ድንጋይቱን ተቀብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። በአንድ ዓመት ውስጥ ለእኔ ባርኔጣ አውልቆ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የባልንጀራዬ ነገር ሁሉ ይከነክነኝ ጀመር። አካሄዱ፣ ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያሙን በለሆሳስ ሲደግም፣ ያገኘውን ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት ዞር ዞር ብሎ አካባቢዋን ሲያይ። ይህን የመጨረሻውን ፕሮፌሰሩ «ሊማሩት የማይችሉት ነገር» ብሎ አወደሰው። እኔም ድንጋይ ባገኘሁ ቁጥር መዞር ጀመርኩ። ፕሮፌሰሩ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ሲሆን ብልሃት መጣልኝ። ወደ እኔ አገር፣ ከቡሬ ወዲህ ወዳለው መንደራችን እንሂድ ብዬ ወተወትኩ። እዚያ ዛፉም ሰውም የእኔ ነው፤ እዚያ ማን ማን እንደሆነ ይለያል ብዬ ነበር። ፕሮፌሰሩ ተስማማ። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ከእናቴ ቤት ዝቅ ብሎ ድንኳን ተተከለ።

እናቴ የአዊ ልጅ ናት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና «በቤቴ ሁለት ቋንቋ አይነገርም» የሚል ሰው ስለነበር፣ ከሁለት ሦስት ቃል በቀር አገውኛ አልሰማሁም፤ እሷም ከማን ጋር ትናገር? ባልንጀራዬ ደጃችን ላይ ቆሞ በአገውኛ ሰላም ሲላት የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠችና አፏን በእጇ ከድና ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስንመለስ እሱ በቀጥታ ወደ እሷ ነው። መደብ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ትስቃለች፤ አንዳንዴ ዝም ይላሉ። «ምን አለችህ?» ስለው «ኧረ ተራ ነገር ነው፤ ስለ ልጅነታቸው ነው» ይለኛል። ሲስቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር። እሱ ጿሚ ስለሆነ የሱፍ ፍትፍት ትሠራለታለች። እኔ ከፕሮፌሰሩ ጋር የቆርቆሮ ሥጋ እንደምበላ ደርሳበታለች መሰለኝ ምንም አላለችኝም፤ ፍትፍቱን ግን ከእኔ ፊት አታደርስም።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባልንጀራዬ በኮረብታው ላይ ያለውን የደብራችንን ቅጽር እየተከተለ ሄደና ቆመ። በትልልቆቹ ድንጋዮች መካከል ክፍተት መሙያ ሆነው ከተሸጎጡት ውስጥ አራት የእጅ መጥረቢያ ቆጠረ። አንዷ በተለይ ሥራዋ እጅግ ያማረ፣ ጠርዟ እስካሁን ስለታም ነበር። ፕሮፌሰሩ ሲያይ ሮጦ መጣ። «ኮረብታው ነው! ሰዎቹ የኖሩት እዚህ ነው!» አለ። ባልንጀራዬም ራሱን ነቅንቆ ተስማማ።

እኔ የማውቀውን ሁለቱም አያውቁም ነበር። ያ ቅጽር ከኮረብታው ድንጋይ የተሠራ አይደለም። እኔ ከመወለዴ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲገነባ፣ የነፍስ አባቶች ለየንስሐ ልጆቻቸው ከስግደትና ከጾም ጋር ድንጋይ መሸከምን ቀኖና አድርገው ሰጡ። አንዱ ከወንዝ፣ አንዱ ከማሳው፣ አንዱ እስከ ፈጣም ወንዝ ወርዶ የኃጢአቱን ያህል ተሸክሞ አመጣ። በአገራችን ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። በእኛ ሥራ ደግሞ ዋናው ነገር ድንጋዩ ሳይሆን ድንጋዩ የተገኘበት ቦታ ነው። በሰው ጀርባ የመጣ ድንጋይ ስለ ኮረብታው የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ። ድንጋዩ ከዚሁ ይመስልሃል?»

«እኔ እንጃ» አልኩት። «ሳይሆን አይቀርም።»

ይህን ስናገር እንደማጠፋ አውቅ ነበር። በፈቃዴ ነው ያደረግሁት።

የደብሩን አለቃ አስፈቅደን ከቅጽሩ ውጭ ቆፈርን። የመጀመሪያው ቀን ቀይ አፈር፣ ሁለተኛው ቀን ቀይ አፈር፣ ሦስተኛው ቀን የሰው እጅ ያልነካው ጭንጫ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጉድጓዱ አፍ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ቆዩና «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብለው ሄዱ። ፕሮፌሰሩ ባልንጀራዬን ሳያናግረው ዋለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ያውም በጾም። የአራተኛውን ቀን ቁርስ እየጠበቅሁ ነበር። ፕሮፌሰሩ ሻዩን ሲጠጣ ቀስ ብዬ፣ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው፣ «ለካ ይህ ቅጽር እኮ...» ብዬ ልጀምር አስቤ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከድንኳን ስወጣ ባልንጀራዬ ከፕሮፌሰሩ ፊት ቆሟል። «ተሳስቻለሁ» ይላል። «ድንጋዮቹ በሰው ጀርባ ነው የመጡት። ንስሐ ናቸው። ነገር ግን ያመጧቸው ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ከየት እንዳመጧቸው መጠየቅ እንችላለን።» ፕሮፌሰሩ ኩባያውን አስቀምጦ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እኔን አየ። «ይህን አታውቅም ነበር?»

«ረስቼው» አልኩ። ሰው አገሩን እንዴት ይረሳል?

«የሰው ንስሐ ጠይቀህ ልትዘረዝር ነው?» አልኩት ባልንጀራዬን በኋላ ብቻችንን ስንሆን። «በድንጋይ ይወግሩሃል።»

«ኃጢአቱን አልጠይቅም» አለኝ። «ድንጋዩን ብቻ ነው።»

አልወገሩትም። በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አለቃው ራሳቸው ለሕዝቡ ተናገሩለት። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ በቅጽሩ ዙሪያ ተበተኑ። አብዛኛው ረስቶታል፤ ያስታወሰው ግን እጁን በድንጋዩ ላይ አኖረ። «ይቺ ከማሳዬ ናት»፤ «ይህን ከወንዙ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ» እያሉ ይስቃሉ። ባልንጀራዬ እያንዳንዷን በደብተሩ ይጽፋል። እኔ ቅጽሩን ተደግፌ ቆሜ፣ በእኔ አገር፣ በእኔ ሰዎች መካከል፣ እንግዳው እኔ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። አላየችኝም። ጠርዟ ስለታም ወደነበረችው፣ ሥራዋ እጅግ ወዳማረው ድንጋይ ሄዳ መዳፏን ጫነችባት።

«ይች ናት» አለች። «ከቤቴ ሥር ካለው ቦረቦር ነው ያመጣኋት።»

ያ ቦረቦር ጎርፍ የቆረጠው፣ ከጓሯችን የሚጀምር ገደል ነው። በልጅነቴ የዋልኩት እዚያ ነው። በዚያው ቀን ወርደን ከግድግዳው ላይ፣ ማንም ሳይነካው ከተቀመጠ የጠጠር ንጣፍ ውስጥ፣ የእጅ መጥረቢያዎቹና የተጠረቡበት ስብርባሪ ተጋድመው አገኘናቸው። ፕሮፌሰሩ በጉልበቱ ተንበረከከ። እኔ እነዚያን ድንጋዮች ለቆቅ መምቻ ስወረውር ነው ያደግሁት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ የእኔ ከዚያም ባሰ።

ፕሮፌሰሩ የእናቴን ድንጋይ ከቦረቦሩ ድንጋዮች ጋር ሊወስዳት ፈለገ። አለቃው ብዙ አሰቡ።

«ንስሐ የተገባባት ድንጋይ እንዲያው ተነቅላ አትሄድም» አሉ። «ግድ ትሂድ ካላችሁ ካመጣቻት ሴት ቤት አንድ ሰው ሌላ ተሸክሞ አምጥቶ ይተካ። በእግሩ፣ በጀርባው። የሚተካውም የራሱ የሚጥለው ነገር አይጠፋውም።» ይህን ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩት። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም።

በምንነሳበት ቀን ወደ ቦረቦሩ ወርጄ አንዲት ድንጋይ መረጥኩ። ውኃ ያንከባለላት፣ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ በጀርባ ላይ ደህና የምትቀመጥ። ይዣት ግቢያችን ስገባ እናቴ ተቀበለችኝ፤ አገላብጣ አየቻት።

«ይች ምን ትቆረቁራለች?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

መደቡ ላይ ተቀመጠች። «የኔን ድንጋይ ያመጣሁ ጊዜ አንተ በሆዴ ነበርህ» አለች። «ካንተ በፊት ሁለት ቀብሬ ነበር። የጎረቤቴ ልጆች ደጅ ሲጫወቱ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር። ባይኖሩ እስከማለት ደርሻለሁ። ፈርቸ ለአባ ነገርኋቸው። ነፍሰ ጡር ነሽና ከባድ አትሸከሚ፣ ትንሽ ጠጠር ይዘሽ ነይ አሉኝ። እኔ ግን ይህ ነገር በቀላሉ አይለቀኝም ብየ ስለታሟን መረጥሁ። በመቀነቴ ከጀርባየ ላይ አሰርኋት። ዳገቱን እስክወጣ ቆዳየን ልጣ ደም በደም አረገችኝ። ቅጽሩ ላይ ሳስቀምጣት ለቀቀኝ። እውነት ነው የምልህ፣ የዚያኑ ቀን ለጎረቤቴ ልጆች ቆሎ ቆላሁላቸው።»

ሊሰማኝ የሚገባው ሌላ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ሌላ ነው። «ይህን ለእሱ ነግረሽዋል?» አልኳት።

«ነግሬዋለሁ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በልጅነት ቋንቋየ ሲሆን ይቀለኛል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ደግሞስ አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ድንጋይቱን ከእጇ ተቀበልኩ። «ሌላ ላምጣ?» አልኩ።

«እንደ ልብህ። የምትሸከም አንተ ነህ።»

ከታች ላንድሮቨሩ ሞተሩ ተነስቷል፤ ፕሮፌሰሩ ሳይመሽ ፍኖተ ሰላም መግባት ይፈልጋል። መሽቷል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ክቧን ድንጋይ በጋቢ ቋጥሬ በጀርባዬ አዝዬ ዳገቱን ጀመርኩ።

ባልንጀራዬ ልሸኝህ ብሎ አብሮኝ ወጣ። እኩሌታው ላይ ስንደርስ «ታውቅ ነበር አይደል?» አለኝ። ቁጣ በድምፁ ውስጥ የለም። «ፕሮፌሰሩ ሲጠይቅህ ዓይንህ ወደ ቅጽሩ ሄዶ ተመለሰ።»

የጋቢውን ቋጠሮ አስተካክዬ ዳገቱን ቀጠልኩ።

«እናትህ የነገሩኝ ጉድጓዱ በተጀመረ ዕለት ነው» አለ። «አገሩ የአንተ ነው፤ ነገሩም የአንተ ነው። አንተ እንድትናገረው ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅሁህ።»

ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ውርደቱን ስጠብቅ፣ እሱ ባዶ መሆኑን እያወቀ ታች ሆኖ ይቆፍር ነበር። ለእኔ ሲል። ቢሰድበኝ በወደድኩ ነበር። ይህን ቸርነቱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ቅጽሩ ላይ የእናቴ ድንጋይ ወጣች፤ የእኔ ገባች። ለቦታው ተለክታ የተሠራች ይመስል ልክክ አለች። አለቃው በመስቀላቸው ባረኩን። ከዚያ ፍኖተ ሰላም ገባን፤ በሳምንቱም ፕሮፌሰሩ ማንን እንደሚወስድ ተናገረ። መናገርም አላስፈለገውም ነበር።

ባልንጀራዬ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። እኔም ዘግይቼ ተማርኩ፤ በብዙ ቦታ ቆፈርኩ፤ አዲስ አበባ የቅርስ ማከማቻ ውስጥ ዓመታት ኖርኩ። የእናቴ ድንጋይ በመሳቢያ ውስጥ ናት፤ መለያ ወረቀቷ በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። የተገኘበት ቦታ በሚለው የቦረቦሩን ስም፣ ያገኘው በሚለው ደግሞ የእናቴን ስም ጻፍኩ። የባልንጀራዬን ስም ላለመጻፍ ብዬ ነው እንጂ እናቴን ለማክበር ብቻ እንዳልሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል ሰው፤ እኔ በዚህ በኩል አላጎደልኩበትም። እሱ ግን ስለዚያ ቦታ በጻፈው መጽሐፍ መግቢያ ላይ «ቦታውን ያሳየኝ የአገሩ ልጅ» ብሎ አመስግኖኛል። መጽሐፉን እስከዚያ ገጽ አንብቤ ዘጋሁት።

እናቴ ካረፈች በኋላ ለተዝካሯ ስሄድ ቅጽሩን ዞሬ አየሁ። ድንጋዬ እዚያው ናት። እጄን አኖርኩባት፤ አንዲት ጠርዝ የላትም፤ አትቆረቁርም። ከእናቴ ቤት ወደ ቦረቦሩ ተመልሶ ሌላ ለማምጣት ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር።